የባለሱቁ ቃል፦ የድሮ የእንግሊዝ ነጋዴዎችን ሳንቲም ስሰበስብ የተማርኩት

አባቴ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ዝርዝር ሲጠፋ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ይቀድና በነጩ በኩል «15 ሳንቲም ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ፊርማውን ያኖርበታል። ደንበኛው ያቺን ቁራጭ ይዞ ሄዶ በማግስቱ ክብሪት ይገዛባታል። አንዳንዴ ወረቀቷ የምትመለሰው በሌላ ሰው እጅ ነበር። አባቴ ፊርማውን ያይና ይቀበላል። ከማን አገኘሃት ብሎ ሲጠይቅ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ያቺን ወረቀት ረስቻት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ስስ መዳብ አየሁ። ሽማግሌው ሻጭ በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። «የመንግሥት ሳንቲም አይደለችም። አንድ ባለሱቅ ለመልስ ብሎ ያሠራት ናት» አሉኝ። በፊቷ ዙሪያውን የሰውየው ስም ተጽፏል። በጀርባዋ ሰፈሩ አለ። መሀል ላይ ሦስት ፊደላት። የአባቴ ፊርማ ፊቴ ድቅን አለ። 18 ፓውንድ ከፈልኩ። ቤት እስክደርስ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ዛሬ እንዲህ ያሉ 62 መዳቦች አሉኝ። እንግሊዞች ቶክን ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ስጀምር በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ገንዘብም፣ አንድ ጥሩ ቶክንም በዚያው አጠፋሁ። እናንተ እንዳታጠፉ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደ ተሠሩ ልንገራችሁ። እሱን ካላወቃችሁ የምትገዙት ነገር ቁርጥራጭ መዳብ ብቻ ነው የሚሆንባችሁ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ዝርዝር ጠፍቶ ነበር። ያኔ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። አንድ ፔኒ ደግሞ 4 ፋርዚንግ። ድሃው ሰው ዳቦውንም ቢራውንም የሚገዛው በነዚህ በትንንሾቹ ነው። የመዳብ ፋርዚንግ የማስቀረጽ መብት ከዘውዱ በፈቃድ የሚሰጥ ነበር። በ1649 ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ አንገቱ ተቀላ። ዘውዱ ሲወድቅ ያ የንጉሥ ፈቃድም ዋጋ አጣ። ገበያው ግን አንድ ቀን እንኳ አይቆምም። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሻማ ሠሪው፣ ቅመም ነጋዴው፣ የመሸታ ቤቱ ባለቤት እያንዳንዳቸው በስማቸው ፋርዚንግ ማሠራት ጀመሩ። ቆየት ብሎ፣ በተለይ በ1660ዎቹ፣ ግማሽ ፔኒውም መጣ።

ከለንደን እስከ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ድረስ ከ10,000 በላይ ዓይነት ቶክን ተሠርቷል። ባለሱቆቹ የጎረቤቶቻቸውን ቶክን በክፍልፋይ ሳጥን ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ሲጠራቀም ወደ ባለቤቱ ይወስዱና በብር ሳንቲም ይቀይሩታል። ጉዳዩ በሙሉ የቆመው በመተማመን ነው። ቶክኑ ከሰፈሩ ሲርቅ ማንም አይቀበለውም፤ ሰውየውን የሚያውቀው የለማ። በ1672 ዳግማዊ ቻርልስ የመንግሥት የመዳብ ፋርዚንግና ግማሽ ፔኒ አወጣ። የባለሱቆቹን በአዋጅ ከለከለ። የመጀመሪያው ዘመን በዚህ አበቃ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሌሎች ዘመናት አሉ። ከ1787 እስከ 1797 ያለው አንዱ ነው። ከ1811 ጀምሮ በ1817 ሕግ እስከ ታገዱ ድረስ ያለው ሌላው ነው። ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ልቤ ያለው በመጀመሪያው ዘመን ነው።

አሁን ወደ ማንበቡ እንሂድ። አዲስ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቶክኑን በእጃችሁ ስትይዙ የላይኛውን ጫፍ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ኮከብ ወይም አበባ የመሰለች ምልክት አለች። ጽሑፉ ከእሷ ይነሣና ወደ ቀኝ ይዞራል። በአንዱ ገጽ ስም፣ በሌላው ገጽ ቦታ። ግማሽ ፔኒ ከሆነ «ሂዝ ሃፍ ፔኒ» የሚል ታገኛላችሁ፤ የእሱ ግማሽ ፔኒ ማለት ነው። ፔኒ የሚለውን ብዙ ጊዜ በአንድ ኤን ነው የጻፉት። ቃላቱን እንደ ሰሟቸው ነው የሚጽፏቸው። ስለዚህ የመንገዱ ስም ዛሬ ካርታ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ጆሮ ዓይን ያላገኘውን ያገኛል። ሌላም ልብ በሉ፦ በዚያ ዘመን ጄ በአይ፣ ዩ ደግሞ በቪ ይጻፍ ነበር። ጆን የሚባል ሰው ስሙ የሚጀምረው በአይ ነው።

መሀል ያሉት ሦስት ፊደላት ደግሞ የቤተሰቡ ናቸው። ከላይ ብቻዋን ያለችው የአባት ስማቸው፣ ማለትም የቤተሰቡ ስም፣ መጀመሪያ ናት። ከታች በግራ የባል። ከታች በቀኝ የሚስት። ይህን ያወቅሁ ቀን ያሉኝን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አየኋቸው። ሚስት በንግዱ ውስጥ ባትኖር ፊደሏ ምን ይሠራል? ሱቁ የሁለቱም ነበር። እናቴ ጎጃም በረንዳ ሱቁን ከፍታ፣ ዱቤውን ጽፋ፣ ሂሳቡን ዘግታ ስሟ ግን የንግድ ፈቃዱ ላይ አልነበረም። የእነዚህ ሴቶች ፊደል ግን አለ። በራሳቸው ስም ብቻ ቶክን ያስቀረጹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችም ነበሩ።

ከፊደሎቹ ሌላ ሥዕል አለ። የቤት ቁጥር በሌለበት ዘመን ሱቅ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። «ከስኳሩ ቤት፣ ከሦስቱ ጽዋ» ይባል ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ እኛም ቤታችንን የምንናገረው ከዛፉ አጠገብ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ብለን ነው። አንዳንዱ ሥዕል የሙያ ማኅበሩ አርማ ነው። አንዳንዱ ሥራው ራሱ ነው። ሻማ የሚነክር ሰው ያለበት ቶክን ሻማ ሠሪ ያወጣው ነው።

ዓመት የተጻፈበት ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የምትጀምረው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ 1666 የሚል ቶክን በዛሬው አቆጣጠር 1667 መጀመሪያ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መስከረም አንድ ቀን ዓመት ለምንለውጥ ሰዎች ይህ አይከብድም። 1666 የሚል ቶክን በዋጋ ይወደዳል። ለንደን የተቃጠለችበት ዓመት ነው። እኔ ዓመቱን ብቻ አይቼ ተጨማሪ ገንዘብ አልከፍልም። ሰዎች ግን ይከፍላሉ።

ፊደሉ የደበዘዘ ከሆነ የስልካችሁን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ቶክኑን በቀስታ አዙሩት። የሌለ የመሰላችሁ ፊደል ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ወጪም የለውም።

ሁለተኛው ቶክኔን ያበላሸሁት በጽዳት ነው። ጠቁሮ ነበር። እማዬ የነሐስ ትሪ በሎሚና በአመድ ስትወለውል አይቼ ያደግሁ ነኝ። ሎሚ ጨመቅሁበት፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። እንደ አዲስ አንጸባረቀ። ደስ ብሎኝ ለሽማግሌው ሻጭ ወሰድኩላቸው። ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ ያ ጥቁረት እኮ 350 ዓመቱ ነበር» ብቻ አሉኝ። የመዳብ ሽፋን በዘመን የሚፈጠር ነው፤ ከሄደ አይመለስም። ፊደሎቹም አብረው ተበልተዋል። ያቺን ቶክን እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጫታለሁ። ሎሚ አትንኩ፣ ኮምጣጤ አትንኩ፣ የብረት መወልወያ አትንኩ። አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ አቆዩት፤ በለስላሳ ነገር አድርቁት፤ በዚያ ይብቃችሁ። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት እያፈራ ካያችሁ ግን መዳቡን የሚበላ በሽታ ነው። ከሌሎቹ ለዩት፤ ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ማስቀመጫውም ያው ነው። ለስለስ ያለ ርካሽ ላስቲክ ከዓመታት በኋላ ይላብና አረንጓዴ ሙጫ ይተፋል። ለሳንቲም ተብለው የተሠሩ፣ ፒቪሲ የሚባለው የላስቲክ ዓይነት የሌለባቸው ማኅደሮች ወይም የወረቀት ፖስታዎች ይሻላሉ። በየፖስታው ላይ መቼ፣ የት፣ በስንት እንደ ገዛችሁ ጻፉ። ይህን ለሦስት ዓመት ሳላደርግ ቆይቼ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ መግዛቱ ስንመጣ ምክሬ አንድ ነው፦ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን የሚነበበውን ግዙ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 60 ፓውንድ ባለው ነው የቆየሁት። በዚህ ዋጋ ያረጀ፣ ጫፉ ትንሽ የተጎዳ፣ ስሙና ቦታው ግን የሚነበብ ቶክን አገኛለሁ። ስሙ የማይነበብ ውብ ቶክን ምን ያደርግልኛል? ቃሉን የሰጠው ሰው ከሌለበት ነገሩ ሁሉ ጠፍቷል።

ፎርጅድ አለ። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቶክን በ70 ፓውንድ ገዛሁ። በ1660ዎቹ የልብና ባለስምንት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ቶክኖች በእርግጥ ተሠርተዋል፤ ስለዚህ አልጠረጠርኩም። ሲደርሰኝ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር አየሁ። ገጹ ላይ በማጉያ ሲታይ እንደ ስፖንጅ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ እንጂ በመዶሻ ወይም በማተሚያ የተመታ አልነበረም። ገንዘቤን ለማስመለስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ግራም መቶኛ የሚመዝን ትንሽ ሚዛንና ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ከቤት አይጠፉም። የእኔ ፋርዚንጎች አብዛኞቹ አንድ ግራም ገደማ ናቸው። ሦስት ግራም የሚመዝን ፋርዚንግ ቢያቀርቡላችሁ ጥያቄ ጠይቁ።

ለመለየት የዊልያምሰን ካታሎግ አለ። በ1889 እና 1891 መካከል ነው የታተመው። በአውራጃ በአውራጃ የተከፋፈለ ነው። ሻጮች ቁጥር ሲጠሩላችሁ ብዙ ጊዜ የእሱን ነው። የቅጂ መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። መጽሐፉን ሳታዩ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ለንደን ለምትኖሩ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም 68 ቁጥር ክፍል የገንዘብ ታሪክ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው የረዳኝ ነገር መጥበብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁትን ሁሉ እገዛ ነበር። ከዚያ በምሠራበት ሰፈር ብቻ ተወሰንኩ፤ ሰዘርክ ይባላል፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ። የምሠራው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መልስ ስቆጥር እውላለሁ። በእረፍት ሰዓቴ የቶክኖቹን መንገዶች እየዞርኩ አያለሁ። የ1666ቱ እሳት ወንዙን ተሻግሮ እዚህ አልደረሰም። ሰዘርክ የራሷ ትልቅ ቃጠሎ የደረሰባት በ1676 ነው። ስለዚህ ሱቆቹ የሉም። የመንገዶቹ መስመር ግን ብዙው አለ። አንድ አጥቢያ፣ አንድ ከተማ ወይም አንድ ሙያ ምረጡ። ቁጥሩ ያንሳል፤ እውቀቱ ግን ይጠልቃል።

ሙያ ልምረጥ ለሚል ሐበሻ ቡና ቤቶቹን እጠቁማለሁ። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው። ከዚያ በፍጥነት በዙ። ባለቤቶቹም ቶክን አወጡ። ብዙዎቹ ላይ ጥምጥም ያደረገ የቱርክ ሰው ጭንቅላት ተስሏል። ከሁሉ የታወቀው ኤክስቼንጅ አሌይ በሚባል የለንደን ጠባብ መንገድ የነበረው፣ በቱርኩ ሱልጣን ሙራድ ስም የተሰየመው ቡና ቤት ያወጣው ነው። ቡና፣ ትንባሆ፣ ሸርቤት፣ ሻይና ቸኮላት እንደሚሸጥ ይናገራል። ያ ቡና ከየመን፣ በሞካ ወደብ በኩል የመጣ ነው። ተክሉ ደግሞ ከእኛ ደን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሄደ። የእነዚህ ዋጋ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሥዕላቸውን አትሜ ጀበናው የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ።

ስለ ሁለተኛው ዘመን ጥቂት ልበል። በ1780ዎቹ በገበያ ላይ የነበረው የመዳብ ሳንቲም አብዛኛው ፎርጅድ ነበር። በ1787 የአንግልሲ ደሴት የመዳብ ማዕድን ኩባንያ የራሱን ትልቅ ፔኒ አወጣ። ፊቱ ላይ ጺማም የጥንት ካህን አለበት። ሌሎች ተከተሉት። እነዚህ ትልልቅ፣ ውብ፣ በደንብ የተቀረጹ ናቸው። ለጀማሪ ማንበቡ ይቀላል። ግን ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ ያኔውኑ ለሰብሳቢ ተብለው የተሠሩ እንጂ ዳቦ የተገዛባቸው አይደሉም። እኔ የምፈልገው እጅ ለእጅ የዞረውን ነው።

ከዚህ ዘመን ያለኝ አንድ ነው። ግማሽ ፔኒ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ እጆቹን አጣምሮ ወደ ላይ አንሥቷል። በዙሪያው «እኔ ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ?» የሚል ተጽፏል። በጀርባው ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል፤ ባርነትና ጭቆና ከዓለም ሁሉ ይጥፋ ይላል። በ1790ዎቹ የተሠራ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው በ1807 ነው። ማለት ይህ መዳብ በሰዎች እጅ ሲዞር መርከቦቹ ገና ይሄዱ ነበር። 95 ፓውንድ ነው የከፈልኩት። ሳንቲሙ ከመልበሱ የተነሣ የሰውየው ፊት ጠፍቷል። ለገንዘቡ አንድም ቀን አልጸጸተኝም። እንግዳ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ብዙ ሰው ቴምዝ ዳር ወርጄ ልፈልግ ይለኛል። እውነት ነው፣ ወንዙ ሲጎድል ጭቃው ውስጥ ቶክን ይገኛል። ነገር ግን ከለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይዙ መፈለግ ክልክል ነው። ድንጋይ ገልብጦ ማየት እንኳ አይቻልም። ፈቃድ ኖሯችሁ ካገኛችሁም ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን ነገር ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ዕቃ ከአገር ለማስወጣትም የፈቃድ ሕግ አለ። ስለዚህ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሻጩን ስለ መገኛው ጠይቁ፤ ደረሰኝ ያዙ።

ወደ ሻማ ሠሪው ልመለስ። ሻማ የሚነክር ሰው ያለበት ያልኳችሁ ቶክን የእኔ ነው። ዓመት የለበትም። ሦስቱ ፊደላት ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። አንድ ክረምት ሙሉ ይህን ሰው ስፈልግ ከረምኩ። በ1662 የወጣ የምድጃ ግብር የሚባል ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት ስንት ምድጃ እንዳለው ተቆጥሮ ይከፈላል። መዝገቡ ላይ ስሙን አገኘሁት። ሦስት ምድጃ። ሀብታም አይደለም፤ ድሃም አይደለም። ከዚያ የአጥቢያውን የጥምቀትና የቀብር መዝገብ ያዝኩ። ከልጆቹ የሁለቱን ጥምቀት አየሁ። ቀጥሎ 1665 መጣ። ወረርሽኙ የገባበት ዓመት ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች ስም ብቻ ነው። የሚስቱን ቀብር እዚያ አገኘሁ። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል አውቃታለሁ፤ ቶክኑ ላይ ከታች በቀኝ ያለችው ናት።

ስለዚህ የእኔ ቶክን የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። ይህን ማንም ካታሎግ አልነገረኝም። ሰውየው ሌላ ቶክንም አውጥቷል፤ ግማሽ ፔኒ ነው፣ 1667 የሚል። ካታሎጉ ላይ ፊደሎቹን ሳይ በቀኝ በኩል ያለችው ተቀይራለች። ድጋሚ አግብቶ ነበር። ሽማግሌው ሻጭ ያን ግማሽ ፔኒ በ40 ዓመት ንግዳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳዩት ነግረውኛል። ስልኬ አላቸው። ካገኙ ይደውሉልኛል። ከመጀመሪያዋ ቶክን ጎን በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።